ስምንት ቀን ለጣና፣ አንድ ምሳ ለአክስት

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«እንደምን ሰነበቱ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ ባንክ ነው የምሠራው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዕረፍት አልወጣሁም። አሁን 8 ቀን አግኝቻለሁ። ምኞቴ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብዬ ምንም ሳልሠራ መዋል ነው። ባለቤቴ ግን ወረቀት አውጥቶ ዕቅድ ጻፈ። ባሕር ዳር 2 ቀን፣ ጎንደር 2 ቀን፣ ሰሜን ተራሮች 2 ቀን፣ ላሊበላ አንድ ቀን፣ በመጨረሻው ቀን መመለስ። ያውም በራሳችን መኪና። አማቴም አብረውን ይሄዳሉ። 70 ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ገዳም መሳለም ይፈልጋሉ። የ6 ዓመት ልጅም አለችን። በዚያ ላይ የአማቴ ታናሽ እህት የሚኖሩት ባሕር ዳር ነው። ሆቴል ካረፍን ይቀየማሉ። እሳቸው ቤት ካረፍን ደግሞ እኔ ጓዳ ውዬ ጓዳ ነው የማመሸው። ከጥቅምትና ከጥር የቱ ይሻላል? እባክዎ ምን ላድርግ?
ዕረፍት የናፈቃት፣ ከአዲስ አበባ»

እህቴ፣

የባለቤትሽን ዕቅድ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ። ሁለተኛ ሳነበው ደከመኝ። አንቺ የጠየቅሽው ዕረፍት ነው፤ እሱ የጻፈው የመስክ ሥራ ነው። አበል ብቻ ነው የቀረው።

ግን እንዳትጣዪው። ተራራ ማየት መፈለጉ ነውር የለውም። ሂሳቡን ብቻ አብራችሁ ሥሩት። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 550 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከባሕር ዳር ጎንደር 180። ከጎንደር ደባርቅ ሌላ 100 ገደማ፣ ተራራው ደግሞ ገና ከደባርቅ በኋላ ነው። ላሊበላን ዞራችሁ አዲስ አበባ እስክትገቡ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። አማትሽ በዚያ ጉልበታቸው መኪና ውስጥ ተጣጥፈው የዓባይን በረሃ ሲወርዱና ሲወጡ ይታይሽ። ልጅሽ «ደረስን ወይ?» እያለች ስትጠይቅም ይታይሽ።

ሌላም ነገር አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ ደስ አይለኝም። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ የአማራ ክልላችን ያለበትን የግጭት ሁኔታ ታውቂዋለሽ። ዛሬ ክፍት የሆነ መንገድ ነገ ሊዘጋ ይችላል። እኛ እዚህ ባሕር ዳር የምንኖረው እንኳ ከከተማ ስንወጣ ጠይቀን ነው የምንወጣው። ስለዚህ መኪናውን እዚያው አቁሙትና በአውሮፕላን ኑ። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከከተማ ወጣ የምትሉበትን ቀን ደግሞ ጠዋት ላይ የሆቴሉን ሰዎችም፣ የባለቤትሽን አክስትም፣ ባለ ታክሲውንም ጠይቁ። ሦስቱም «ይቅር» ካሉ ይቅር። ሁለቱ «ይቅር» ካሉም ይቅር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እንደ እኔ ከሆነ የደብዳቤሽ ዋና ጉዳይ ሐይቁም አይደለም፣ ተራራውም አይደለም። አክስት ናቸው።

ከዓመታት በፊት የአጎቴ ልጅ ከነሚስቱ ባሕር ዳር መጣ። ለማንም ሳይናገር ሆቴል ያዘ። ለእኔ ብቻ «ምስጢር ነው» ብሎ ነገረኝ። በሁለተኛው ቀን ሐይቅ ዳር ዓሣ ስንበላ ከጎናችን ያለው ጠረጴዛ ላይ ማን መጥቶ ቢቀመጥ ጥሩ ነው? እናቴ። ከነማኅበርተኞቿ። ባሕር ዳር እንደዚህ ናት፤ ስትዞሪባት ትልቅ፣ ስትደበቂባት ትንሽ። ነገሩ እስከ ዛሬ በየሠርጉ ይነሳል። እኔም እንደ ተባባሪ አብሬ እከሰሳለሁ።

ስለዚህ መደበቅን እርሺው። እሳቸው ቤት ማረፍንም እርሺው፤ በዚህ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። ምራት በዘመድ ቤት እንግዳ አትሆንም። ሁለት ቀን «ተይ አንቺ ተቀመጪ» ይባላል፣ በሦስተኛው ቀን ሽንኩርት እየከተፍሽ ትገኛለሽ።

መፍትሔው ደብዳቤሽ ውስጥ አለ፤ አላየሽውም እንጂ። አማትሽና አክስትየው እህትማማቾች ናቸው። አብረው ካደሩ ስንት ዓመት ይሆናቸዋል? አማትሽ እህታቸው ቤት ይረፉ። እናንተ ሦስታችሁ ሆቴል። አክስት እንግዳ አገኙ፣ አማትሽ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያወሩት ሰው አገኙ፣ አንቺ አልጋሽን አገኘሽ።

ታዲያ ሐሳቡ ካንቺ አፍ እንዳይወጣ። ምራት «እማማ እዚያ ይደሩ» ካለች ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ባለቤትሽ ያንሳው። ደስ ካላቸው ስልኩንም ራሳቸው ይደውሉ። «ልጆቹን ሥራ አድክሟቸዋል፣ ሆቴል ይረፉ፤ እኔ ግን አንቺ ጋ ነኝ» ቢሉ፣ ከታላቅ እህት የመጣ ቃል ስለሆነ ማን ይከራከራል? ደስ ካላላቸው ደግሞ አይገደዱ። ከእናንተ አጠገብ ምድር ቤት ላይ ክፍል ያዢላቸው፤ ደረጃ የሌለው።

በደረሳችሁ ማግሥት ምሳ አክስት ቤት ነው። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ስኳር፣ ቡና፣ ለእሳቸውም አንዲት ነጠላ ብትጨምሪ አይከፋም። ያን ቀን ሌላ ፕሮግራም አታስቢ። ምሳው 6 ሰዓት ተኩል ይጀምራል፣ ቡናው በረካ ደርሶ ስኒው እስኪታጠብ 10 ሰዓት ይሆናል። አትቁነጥነጪ፣ ሰዓት አትዪ። «በሞቴ» ተብሎ ሲጎረስ ጉረሺ። ስትነሱ ግን ቀን ቁረጪ፦ «ቅዳሜ ደግሞ ቡና ልንጠጣ እንመጣለን» በያቸው። ቀን ከቆረጥሽላቸው በመሃል ያሉትን ቀናት በር በሩን እያዩ አይጠብቁሽም።

ወሩን ጠይቀሽኛል። ጥቅምት። ዝናቡ አብቅቷል፣ ምድሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሐይቁ ሞልቷል፣ ጢስ ዓባይም ውሃ አለው። ጥር መጥፎ አይደለም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ወፉም ብዙ ነው። ግን በጥምቀት ሰሞን ሆቴሉ ይሞላል፣ ፏፏቴው ደግሞ ቀጥኖ ያሳዝናል።

ጥቅምት አንድ ዕዳ አለበት፤ ወባ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ያሉት ወራት የወባ ወቅት ናቸው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ወባ አለ። ሆቴል ስትይዢ አጎበር መኖሩን ጠይቂ። ልጅቷን ከ12 ሰዓት በኋላ እጅጌ ሙሉ አልብሻት። ከተመለሳችሁ በኋላ ማናችሁንም ትኩሳት ከያዛችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቆዩ፤ ተመርመሩ፣ ከየት እንደመጣችሁም ለሐኪሙ ንገሩ።

አማትሽ የጽጌን ጾም የሚጾሙ ከሆነ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ስለሆነ ጥቅምት ሙሉውን ጾመኛ ናቸው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ እኔ አልገባም። እህትማማቾቹ ይጨርሱት። አንቺ የምትበዪ ከሆነ ቆሮሶ ጥብስ አያምልጥሽ፤ ለልጅቷ ግን አጥንቱ ስለሚያስቸግር ጉላሽ እዘዢላት።

ከቻልሽ ጥቅምት 16 በዕረፍትሽ መሃል እንዲውል አድርጊ። ወርኃዊው ኪዳነ ምሕረት ነው። ያን ቀን አማትሽን ይዘሽ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሂጂ። ለሳቸው ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለሽም።

ዘጌ የሚኬደው በጠዋት ነው። ጣና ጠዋት እንደ መስታወት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ጀልባዋን ያንገላታታል። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደቡ ላይ ሁኑ። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። መንገድ ላይ የደንገል ታንኳ ታያላችሁ። እንጨት ጭኖ፣ አንድ ሰው ቀዘፋውን ግራ ቀኝ እያለ፣ ውሃው ላይ የተቀመጠ እስኪመስል ድረስ ዝቅ ብሎ ይሄዳል። ልጅሽ ስልክሽን ትታ የምታየው ይህን ነው።

ከመሳፈራችሁ በፊት ግን ተዋዋሉ። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ? ደርሶ መልስ ነው? የት የት ያቆማል? ስንት ሰዓት ይጠብቃል? እኔ አንድ ጊዜ እንግዶች ይዤ በጥድፊያ ተሳፈርኩ። ስንመለስ ሐይቁ መሃል ላይ ባለጀልባው «የመጠበቂያ አለ» አለኝ። ሐይቅ መሃል ክርክር አይመችም፤ ወርደሽ አትሄጂ። ላይፍ ጃኬትም ለልጅቷ የሚሆን መጠን መኖሩን በዓይንሽ እዪ። ትልቁን አልብሰው «ይበቃታል» ቢሉሽ እሺ አትበይ።

ዘጌ ላይ ስትወርዱ ጫካ ነው የሚቀበላችሁ። ዘጌ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ ቡና ነው። አባቶች የሚሉት፣ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰብረው ተክለውት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ ነው። ማረስ ስለቀረ ነው ይህ ደን እስከ ዛሬ የቆየው። ጣናም ከነዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከወደቡ እስከ ዑራ ያለው መንገድ ድንጋይና ሽቅብ አለው። አማትሽ ምርኩዝ ይያዙ፣ ባለቤትሽም ክንዱን ይስጥ። መንገዱ ዳር መስቀልና የደንገል ጀልባ የሚሸጡ ልጆች አሉ፤ አማትሽ ለማረፍ ሲፈልጉ «ዕቃ እንይ» ብለሽ ቁሚ፣ ደከመኝ ከሚሉ ይሻላቸዋል። ካልቻሉ ደግሞ አዝዋ ማርያም ለወደቡ ይቀርባል፣ እሱን ይሳለሙ። ዑራ ስትደርሱ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ተረጋግታችሁ እዩ። በላዔ ሰብ አለ። ታሪኩን ለልጅሽ አንቺ አትንገሪያት፤ አያቷ ይተርኩላት። እኔ ካየኋቸው አስጎብኚዎች ሁሉ አያት ይበልጣል።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ባለጀልባው «ክብራን ገብርኤልንም ላሳያችሁ» ይላል። ክብራን ሴት አይገባበትም። ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ባለቤትሽ ወጥቶ ሲሳለም ሦስት ሴቶች ከታች ቁጭ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ደስ ካላችሁ ግዴለም። አለበለዚያ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ሴትም ይገባል። ደቅ ደሴትና እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ ሩቅ ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ይወስዳሉ። በዚህ ጉዞ አትሞክሩት።

አሁን የባለቤትሽን ተራራ እንፈልግለት። ከከተማው ወጣ ብሎ ዓባይ ማዶ ቤዛዊት አለ፤ አፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያሠሩበት ኮረብታ። ተራራ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ከዚያ ላይ ሆኖ ዓባይ ከጣና ሲወጣ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ስትመለሱ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግራችሁ ተሻገሩት።

«ይህ አይበቃኝም» ካለ፣ የመንገዱ ወሬም ደህና ከሆነ፣ እንጅባራ። በአዲስ አበባው መንገድ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ነው። ደጋ ነው፣ ጃኬት ያስፈልጋል። እዚያ አካባቢ ዘንገና ሐይቅ አለ። እሳተ ገሞራ የፈጠረው ክብ ሐይቅ ነው፣ ዙሪያውን ደን ከቦታል። አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ታች ሲያይ ባለቤትሽ ተራራውንም ሐይቁንም በአንድ ጊዜ አገኘ ማለት ነው። አማትሽ ያን ቀን ከእህታቸው ጋር ይዋሉ።

የሰሜን ተራሮች ግን ለዚህ ጉዞ አይሆኑም። እዚያ ሰው የሚያድርበት ሳንቃበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ብርዱና አየሩ ለ70 ዓመት ሰው ይከብዳል። አገሩ ሲረጋጋ ባለቤትሽ ከጓደኞቹ ጋር 4 ወይም 5 ቀን ወስዶ ይሂድ። አንቺም ያን ጊዜ ቤትሽ ውስጥ ሁለተኛ ዕረፍት ታገኛለሽ።

ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተሠራው የድንጋይ ድልድይ በኩል ነው፤ ያምራል፣ ግን አቀበት ነው። ሁለተኛው ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ ሜዳ ሜዳውን ነው። ከአማትሽ ጋር ከሆነ ሁለተኛው። ድሮ በሥዕል ያየሽውን ያህል ውሃ አትጠብቂ። የጣና ውሃ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በበለስ በኩልም ወደ ኃይል ማመንጫ ስለሚሄድ ፏፏቴው እንደ ቀድሞው አይደለም። በጥቅምት ግን አሁንም ያጓራል፣ ጭስ የሚመስለው ውሃም ፊትሽን ያርሰዋል።

ሐይቁ ውስጥ አትዋኙ። ልጅቷም ዳር ዳሩን እግሯን እንዳትነክር፤ ቢልሃርዝያ አለ። አብራችሁ የምታዩዋቸው ልጆች ሲዋኙ «እነሱስ?» ትልሻለች። ሆቴሉ ገንዳ ካለው ገንዳውን አሳያት። ማታ ማታ ደግሞ ጉማሬ ሣር ፍለጋ ወደ ዳር ይወጣል፤ ከመሸ በኋላ ሰው የሌለበት ዳርቻ ላይ አትንሸራሸሩ። በዓይን ሲታይ ሰነፍ ይመስላል። አይደለም።

እንግዲህ ቁጠሪ። አንዱ ቀን የመምጫ፣ አንዱ የአክስት ምሳ፣ አንዱ ዘጌ፣ አንዱ ጢስ ዓባይ፣ አንዱ እንጅባራ ወይም ቤዛዊት፣ አንዱ የመመለሻ። ሁለት ቀን ተረፈሽ። እነዚያን ሁለት ቀናት ማንም እንዳይነካብሽ። ባለቤትሽ ወረቀቱን ሲያወጣ በላያቸው ላይ «ሥራ አለ» ብለሽ ጻፊበት። ጠዋት ከዘንባባው ሥር በእግርሽ ሂጂ፣ ሐይቅ ዳር ተቀመጪ፣ ቡና እዘዢ፣ ፔሊካኖቹን እዪ። የቢሮውን የቴሌግራም ግሩፕ ድምፁን ዝጊው። ልጅቷን አባቷ በባጃጅ ያዙራት፤ ከዘጌ ይልቅ ባጃጁን ብታስታውስ አትናደዱ።

ለመመለስ ጓዝ ስትሸክፉ አማትሽ ከዘጌ የያዙት ጠበል ይኖራል፣ በሃይላንድ። አክስትየውም ቡናና በርበሬ ይጨምሩበታል፣ አይቀርም። ሃይላንዱን ክዳኑን በፕላስተር አጥብቂ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልይ፣ ከበርበሬው አርቀሽ ሻንጣው ጥግ ላይ አቁሚው። የእኔ አንዴ ፈስሶ በርበሬውን አቡክቶ፣ ነጭ ነጠላዬን ቀይ አድርጎ ነበር ያገኘሁት። ለብሼው ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እናቴ «ጠበል የነካው ነው፣ አይታጠብም» ብላ ለወር ያህል ከለከለችኝ።